ቅይጥ ሰፈር ምንድን ነው?

ቅይጥ ሰፈር መኖሪያው፣ ሱቁ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱና የሥራ ቦታው ተቀላቅለው፣ ነዋሪው አብዛኛውን የዕለት ጉዳዩን በእግሩ ሄዶ የሚጨርስበት ሰፈር ነው። በፕላንና በሊዝ ጨረታ ወረቀት ላይ «ቅይጥ አገልግሎት» ተብሎ የሚጻፈው የዚሁ ቁራጭ ነው፦ አንዱ ቦታ ለመኖሪያም ለንግድም ይውላል። ወረቀቱ ላይ ቅይጥ ስለተባለ ግን ሰፈሩ ለእግረኛ ይመቻል ማለት አይደለም።

ጎንደር ላይ ይህን ለማየት ፒያሳ መውጣት ይበቃል። የፒያሳ ዋና መንገድና ብዙዎቹ ሕንፃዎች ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገር በወረረበት ጊዜ የተሠሩ ናቸው። የዚያ ዘመን ፕላን የጣሊያኑንና የአገሬውን ሰፈር በዘር የለየ ስለነበር ምስጋና አይገባውም። መንገዱ ራሱ ግን ያስተምራል። ከፖስታ ቤቱ ቁልቁል ሲወረድ በሮቹ ተቀራርበው ነው የሚገኙት፦ ካፌ፣ ፋርማሲ፣ ባንክ፣ የልብስ ሱቅ። ሰው የሚራመደው የሚያየውና የሚገባበት በር ሲኖር ነው። ሃምሳ ሜትር ሙሉ ያለ አንድ በር የተገተረ የብሎኬት አጥር አጠገብ ማንም መሄድ አይወድም፣ ሲመሽማ ጭራሽ።

በሜዳ ላይ 400 ሜትር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው ይባላል። ጎንደር ግን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ የተቀመጠች የዳገት ከተማ ናት። ልጅ አዝላ ዘንቢል የያዘች እናት ያንኑ 400 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ በአምስት ደቂቃ አትጨርሰውም፤ ወይ ታርፋለች፣ ወይ ባጃጅ ትጠራለች። ስለዚህ እዚህ ሱቁና ወፍጮ ቤቱ ካርታው ላይ ከሚታየው ይበልጥ መቅረብ አለባቸው። ደረጃው መደገፊያ፣ መንገዱ ዳር ጥላ ይፈልጋል።

ወደ ቤቶቹ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ምሳሌ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ፕሮግራም ምድር ቤቱን ለንግድ፣ ፎቁን ለመኖሪያ አድርጎ ነበር የታሰበው። የንግድ ቤቶቹ በጨረታ የሚሸጡት ገቢያቸው የመኖሪያውን ዋጋ እንዲደጉም ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጣጣውም እዚያው አለ። ቤቱን ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠ ይወስደዋል፤ የወሰደው ደግሞ ያወጣውን ለመመለስ ኪራዩን ይሰቅላል። ሽንኩርትና በርበሬ የምትቸረችረው ሴትዮ በዚያ ኪራይ አትገባም። ነዋሪው በየቀኑ የሚፈልጋት ግን እሷን ነው። በእኔ አስተያየት ከምድር ቤቱ ጥቂቱን ጠባብ አድርጎ ለጉልት ሻጭና ለጫማ ሰፊ መተው ከማንኛውም የሚያብረቀርቅ መስታወት ይበልጣል።

ሁሉም ነገር ይቀየጣል ማለትም አይደለም። ከመኝታ ቤት ሥር ብየዳ ቤት ወይም እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ የሚለቅ ግሮሰሪ ማስገባት ጎረቤትን ማጣላት ነው።

እንዲህ ባለ ሰፈር ስም ላይ «ዘላቂ» የሚለው ቅጽል ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያ ይለጠፋል። ጎንደር ላይ ትርጉሙ በመጀመሪያ ውኃ ነው። ከተማዋን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል ተቸግሯል፤ ቧንቧ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ መዞር እንግዳ ነገር አይደለም። በአንፃሩ ክረምቱ ሲገባ ከየጣሪያው የሚወርደው ዝናብ ቁልቁል ጎርፎ ይሄዳል። የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች አሸንዳ አበጅተው፣ በጋራ ሮቶ ወይም ከመሬት በታች ባለ ጋን ቢያጠራቅሙት ለማጠቢያና ለሽንት ቤት ይውላል፤ የመንገዱንም ጎርፍ ይቀንሳል። ተቀራርቦ መኖር የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ሮቶ፣ አንድ የቧንቧ መስመር ለብዙ ቤት ያገለግላል።

የት ምን ይሠራ፣ ሕንፃው ስንት ፎቅ ይሁን፣ የእግረኛ መንገዱ የት ይለፍ የሚለው ዝርዝር የሚወሰነው በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ «የአካባቢ ልማት ፕላን» በሚለው ሰነድ ነው። ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሕንፃውን ሥዕል ብቻ አይቶ ውል ከመፈረሙ በፊት ይህን ፕላን ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ቢጠይቅ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ባዶ ቦታ ነገ ሱቅ ይሁን መጋዘን ያውቃል።