ክሩድ፣ ቨልገር፣ ፕሮፌን፣ ኦብሲን፦ ሁሉም «ብልግና» ናቸው እንዴ?

እነዚህን የእንግሊዝኛ ቃላት መዝገበ ቃላት ላይ ብትፈልጓቸው ለሁሉም «ጸያፍ»፣ «ባለጌ» እያለ ይመልስላችኋል። አንድ ግን አይደሉም።

ቀላሉ ክሩድ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ የሚጠራበት ያው ቃል ነው፣ ያልተጣራ ለማለት። ክሩድ ቀልድም እንደዚያው፣ ሳይጣራ ከአፍ ያመለጠ ነው። ቨልገር የላቲን ሥሩ «ተራው ሕዝብ» ስለሆነ ውስጡ ንቀት አለ (የጌቶች ቃል መሆኑ ያስታውቃል)። ከእግር እስከ ራሱ በወርቅ ተንቆጥቁጦ ሀብቱን የሚያሳይ ሰው፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይወጣው ቨልገር ይባላል። የእኛ «ባለጌ» እዚህ አይደርስም።

ፕሮፌን መነሻው ሃይማኖት ነው፣ «ከቤተ መቅደስ ውጭ» እንደማለት። ፕሮፋኒቲ ግን ዛሬ ለማንኛውም የስድብ ቃል ይውላል።

ኦብሲን ላይ ተጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ የሕግ ቃል ነው፤ ኦብሲን የተባለ ነገር የመናገር ነፃነት ጥበቃ የለውም። አንድ ወጣት የግዳጅ ውትድርናን በጸያፍ ቃል የሚሳደብ ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለብሶ ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ውስጥ ታየና ተቀጣ፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1971 እ.ኤ.አ. ተፈታለት፤ ቃሉ ጸያፍ ቢሆንም የወሲብ ስሜት የሚቀሰቅስ ነገር ስለሌለው ኦብሲን አይደለም ተባለ።

ከፍርድ ቤት ውጭ ግን ቃሉ ልቅ ነው። ኦብሲን ትርፍ ሲሉ ብትሰሙ ወሲብ አትፈልጉበት፣ ዓይን ያወጣ ትርፍ ማለታቸው ነው።