የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ «መንስኤው ብዙ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሰሙት መልስ «መንስኤው ብዙ ነው» የሚል ነው። «አናውቅም» ማለት ይመስላል፤ አይደለም።

ፊት የሚሠራው ለየብቻ ያደጉ ክፍሎች ሲጋጠሙ ነው። ከንፈር በፅንሱ ዕድሜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ይገጥማል፤ ላንቃ ትንሽ ይዘገያል፣ ሥራውም ይወሳሰባል። ሁለቱ የላንቃ ክንፎች መጀመሪያ ከምላስ ግራና ቀኝ ቁልቁል ያድጋሉ። ምላስ ዝቅ ሲል ተነሥተው አግድም ይሆናሉ፣ ጫፍ ለጫፍ ሲነካኩም በመካከል ያለው ሽፋን ጠፍቶ ይዋሐዳሉ። የታችኛው መንጋጋ በደንብ ካላደገ ምላስ ቦታ አይለቅም፤ ክንፎቹ እንከን ባይኖራቸውም ላይገናኙ ይችላሉ። ተመራማሪዎች አይጥና ዜብራፊሽ በተባለ ትንሽ ዓሣ ላይ የሚያጠኑት ይህንኑ ነው፦ የትኛው እርምጃ፣ በየትኛው ጂን ምክንያት ተደናቀፈ?

አንዳንዴ ጥፋቱ የአንድ ጂን ነው። በአይአርኤፍ6 ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ ቫን ደር ዉድ ሲንድሮም የተባለውን፣ ከንፈር ወይም ላንቃ ሊሰነጠቅ የሚችልበትን በዘር የሚተላለፍ ችግር ያመጣል፤ ለውጡ ካለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የታችኛው ከንፈር ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ከታዩ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው።

አብዛኛው ግን እንዲህ አይደለም። ጥቃቅን የጂን ልዩነቶች ከማጨስ፣ ከእርግዝና በፊት ከነበረ የስኳር በሽታ ወይም እንደ ቶፒራሜት ካለ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ይደመራሉ። አንዱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ምንም አያመጣም። ከንፈር በሚገጥምበት ወቅት ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ገና ስለማያውቁ፣ መድኃኒት ስለመቀየር ከሐኪም ጋር መነጋገር ያለባቸው ከማርገዛቸው በፊት ነው፤ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።