ልጅን ይዞ በደጋን አጋዘን ማደን፤ አሜሪካ ውስጥ እንዴት ነው የሚሰራው

አሜሪካ ውስጥ አባት ወይ እናት ልጃቸውን ይዘው በደጋን አጋዘን ለማደን ጫካ መግባት የተለመደ ነገር ነው፣ በተለይ በሚድዌስትና በምስራቁ በኩል ባሉ ስቴቶች። የሚታደነው ባብዛኛው ነጭ ጭራ የሚሉት አጋዘን ነው፣ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ደግሞ ሙል ዲር የሚባለው አለ። ሲዝኑ እንደየስቴቱ ቢለያይም ብዙ ቦታ ሴፕቴምበር ወይ ኦክቶበር ላይ ይከፈትና እስከ ዲሴምበር፣ አንዳንዴም እስከ ጃንዋሪ ይሄዳል፣ ከጠመንጃው ሲዝን በጣም ይረዝማል ማለት ነው። ብርዱ ሳይጠና ስለሚጀመር ልጅ ላስለምድ የሚል ወላጅ ደጋኑን የሚመርጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አጋዘኑ ድሮ ለገበያ እየታደነ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። በፈረንጆቹ 1900 አካባቢ በመላ አገሪቱ የቀረው ግማሽ ሚሊዮን ገደማ እንደነበር ይገመታል፣ አሁን ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል ይባላል። ዊስኮንሰን በ1934 ለደጋን ብቻ የሚሆን የአጋዘን ሲዝን ከፈተች፣ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉ። ነገሩን ለልጅም ለደካማ ክንድም የከፈተው ግን ኮምፓውንድ ደጋን ነው፣ የሚዙሪው ሆሊስ ዊልበር አለን ሰርቶት በ1969 ፓተንት ያገኘበት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ መዘውር ያለው። መጀመሪያ ላይ ስትስበው ይከብድሃል፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ክብደቱ ይወርድልሃል። 40 ፓውንድ የሆነ ደጋን (ፓውንዱ የደጋኑ የራሱ ክብደት ሳይሆን ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት ነው) 80 በመቶ የሚያቀል ከሆነ ልጁ ሙሉ በሙሉ ስቦ ሲጠብቅ ጣቱ ላይ የሚሰማው 8 ፓውንድ ብቻ ነው። ከ1937ቱ የፒትማን ሮበርትሰን ህግ ጋር ተያይዞ ደግሞ ደጋን ላይ 11 በመቶ ታክስ አለ፣ ገንዘቡ ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለአዳኞች ስልጠና ይውላል፣ ከ30 ፓውንድ በታች የሆኑት የትንንሽ ልጆች ደጋኖች ግን አይመለከታቸውም።

እድሜን በተመለከተ አንድ ወጥ ህግ የለም። ኒውዮርክ ውስጥ አጋዘን በደጋን ለማደን 12 አመት መሙላት ያስፈልጋል፣ የደጋን አደን ኮርስም ለብቻው መውሰድ አለ። (ኒውዮርክ የአዳኝነት ትምህርትን በ1949 ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት።) ዊስኮንሰን ደግሞ በ2017 ዝቅተኛውን እድሜ ጭራሽ አንስታዋለች፣ ግን አብሮ ያለው አዋቂ ልጁን በክንድ ርቀት መድረስ መቻል አለበት። የእድሜው ክርክር ሁሌም ጦፎ ነው የሚገኘው፣ እኔ ግን ቁጥሩ ላይ ያን ያህል መጨቃጨቁ ብዙም አይታየኝም፣ ምክንያቱም ከእድሜው በፊት የሚወስነው ክንዱ ነው።

ይሄን ትንሽ ላብራራው። ስቴቶች አጋዘን ለማደን የሚፈቀደው ደጋን ቢያንስ ስንት ፓውንድ መሳብ እንዳለበት ብዙዎቹ በህግ ደንግገዋል፣ ሚኒሶታ 30፣ ፔንሲልቬንያና ኮሎራዶ 35፣ ዋሽንግተን 40። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የደጋን ፕሮግራም፣ በ2002 ኬንታኪ ውስጥ የተጀመረው፣ የሚጠቀምበት ደጋን እስከ 20 ፓውንድ ስለሆነ ልጁ እዛ ጎበዝ ነው ማለት ለአጋዘን ደረሰ ማለት አይደለም። ወላጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፣ ሲዝኑ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ብሎኑን አጥብቀው ክብደቱን ይጨምሩበታል፣ ልጁም ደጋኑን ወደ ሰማይ አንስቶ እየተንቀጠቀጠ ይስባል፣ ጫካ ውስጥ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ አጋዘን ፊት መነሳትና እጅ ማወዛወዝ ማለት ነው። አሰልጣኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ፈተና አለ። ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ እግሩን ከመሬት ያንሳ፣ ደጋኑን ዒላማው ላይ እንዳነጣጠረ ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይሳብ፣ ሳይንቀጠቀጥ ግማሽ ደቂቃ ይዞ ይቆይ፣ ከዛ ሳይተኩስ ቀስ ብሎ ይመልሰው። ይሄን ካልቻለ ክብደቱ በዝቶበታል፣ አለቀ። ፈተናውን ደግሞ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ይድገመው፣ ምክንያቱም በቲሸርት ሲለማመድ የከረመ ልጅ ሲዝኑ ላይ ገመዱ እጅጌውን እየመታው ፍላጻው ወዳልሆነ ቦታ ይሄድበታል። ሌላው ስህተት ደግሞ ገመዱን ያለ ፍላጻ ስቦ መልቀቅ ነው፣ ደጋኑ ሊሰበርና ሊያቆስል ስለሚችል በጭራሽ አይደረግም።

መስቀለኛ ደጋን፣ ክሮስቦው የሚሉት፣ ይሄን ጣጣ ያቀላል፣ አባትየው ይወጥርለታል፣ ልጁ አነጣጥሮ ይተኩሳል፣ ብዙ ስቴቶችም ይፈቅዱታል። ልምምዱ ግን በጣም ስለሚያጥር የደጋን ነገር ከሆነ የተፈለገው ብዙውን ነገር ያስቀረዋል።

የሚቀመጡበትን ቦታ በተመለከተ ከልጅ ጋር ከሆነ መሬት ላይ የሚተከል ድንኳን ነገር፣ ብላይንድ የሚባለው፣ ይሻላል። ሁለት ወንበር ይገባል፣ ልጁ ቢቁነጠነጥም አይታይም፣ ውስጡ ጨለማ እንዲሆን ከኋላ ያሉት መስኮቶች ይዘጋሉ፣ ጥቁር ልብስ ይለበሳል። ዛፍ ላይ የሚወጣ ከሆነ ግን ገና እግር ከመሬት ሲነሳ ጀምሮ ሙሉ የሰውነት ቀበቶ ታስሮ ነው፣ በዚህ አደን ብዙው ከባድ ጉዳት የሚደርሰው ከዛፍ በመውደቅ ነውና። ንፋሱን ማየት ግድ ነው፣ አጋዘን ሽታ ከያዘ የትኛውም ድንኳን አያድንም። ቀዩንና ብርቱካናማውን ቀለም ግን አጥርቶ አያየውም፣ የጠመንጃ ሲዝን አብሮ ክፍት ሲሆን አዳኞች ብርቱካናማ እንዲለብሱ የሚገደዱት ሰው በደንብ ስለሚያየው አጋዘኑ ደግሞ ስለማያየው ነው።

ርቀቱ ላይ ወላጅ መጨከን አለበት። የልጅ ደጋን ፍላጻውን በሴኮንድ ወደ 60 ሜትር ገደማ ነው የሚያስኬደው፣ ድምፅ ደግሞ በሴኮንድ ወደ 340 ሜትር ይሄዳል። 20 ያርድ ላይ፣ ማለትም 18 ሜትር ገደማ፣ የገመዱ ድምፅ ከፍላጻው ሩብ ሴኮንድ ቀድሞ ይደርሳል፣ አጋዘኑ ለመሮጥ ጉልበቱን ሲያጥፍ ሰውነቱ ዝቅ ይላል፣ ፍላጻውም በላዩ ያልፋል ወይ ጀርባውን ያገኘዋል። ስለዚህ ብዙዎች ልጅን በ10 እና 15 ያርድ ይገድቡታል። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ወይ ትንሽ ወደ ወዲያ ዞር ብሎ መቆም አለበት፣ የፊት እግሩን ወደፊት ቢያራምድ ደግሞ የተሻለ፣ የሚነጣጠረውም ከፊት እግሩ ኋላ ከሆዱ መስመር አንድ ሶስተኛ ከፍ ብሎ ነው፣ ሳንባና ልቡ እዛ ናቸው። ፊት ለፊት ቆሞ ከሆነ አይተኮስም። ክብደቱ ዝቅ ላለ ደጋን ደግሞ ብሮድሄድ ከሚባሉት ስለታም ጫፎች ሲመታ የሚከፈተውን ሳይሆን ቋሚ ባለ ሁለት ስለቱን ይመክራሉ፣ ለመከፈት ጉልበት አይበላም። ወላጁ ጎን ሆኖ ዋና ስራው «ቆይ» እያለ ማንሾካሾክ ነው፣ እውነቱን ለመናገር አንድ ሲዝን ሙሉ «ቆይ» ብቻ ተብሎ ሊያልቅ ይችላል፣ ልጁም ያኮርፋል።

ፍላጻው ከተለቀቀ በኋላ ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል፣ ሮጦ መከተል ይፈልጋል፣ መከተል ግን ክልክል። ሳንባ የተመታ አጋዘን ደሙ ደማቅና አረፋ ያለው ነው፣ እሱም ቢሆን ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ጥቁር ቀይ ከሆነ ጉበት ነው፣ ከ4 እስከ 6 ሰአት። ፍላጻው ላይ አረንጓዴ ነገርና የሚከረፋ ሽታ ካለ ጨጓራ ወይ አንጀት ነው፣ ከ8 እስከ 12 ሰአት ይተዋል፣ ቶሎ ካባረሩት ተነስቶ ይርቅና ይጠፋል። ቆስሎ የሚጠፋ አጋዘን አለ፣ ይሄን ሳይነግሩ ልጅ ጫካ ይዞ መሄድ ለኔ ልክ አይደለም፣ አስቀድሞ ቢያውቀው «አልተኩስም» ለማለትም ድፍረት ይኖረዋል። ብዙ ስቴቶች በገመድ የታሰረ አነፍናፊ ውሻ ይፈቅዳሉ።

አጋዘኑ ከተገኘ ታግ፣ ማለትም የአደን ፈቃዱ መለያ፣ ይደረግበታል፣ ለስቴቱም ሪፖርት ይደረጋል። ሙቀት ካለ ሆድ እቃው ቶሎ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ስጋው ይበላሻል። መሸጥ በህግ ክልክል ነው፣ ለቤት ነው ወይ ለችግረኛ ይሰጣል። በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ መጀመሪያ የታየውና የአጋዘንን አንጎል የሚያጠቃው ክሮኒክ ዌስቲንግ የሚባለው በሽታ ባለበት አካባቢ ደግሞ የአንገት እጢ ናሙና ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ስጋው ይቆያል። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልታየም፣ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማእከል ሲዲሲ ግን በሽታው የተገኘበትን ስጋ አትብሉ ነው የሚለው። የአጋዘኑን ጭንቅላትና አከርካሪ ከአንዱ ስቴት ወደሌላው ማሻገርም ብዙ ቦታ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ከሩቅ የመጡ አባትና ልጅ ስጋውን ከአጥንት ለይተው ነው ወደ ቤት የሚጭኑት።