ፍራፍሬን ለክረምት ማድረቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግንቦት ላይ ማንጎ በየጋሪው ይትረፈረፋል፤ ዋጋውም ይቀመሳል። ነሐሴ ገብቶ የፍልሰታ ጾም ሲያዝ ግን ጥሩ ማንጎ ፍለጋ ገበያውን መዞር ነው። በርበሬና ቋንጣ በሚደርቅበት ቤት ማንጎ የማይደርቅበት ምክንያት የለም። ሙያው ከባድ አይደለም። ሰውን የሚያሳስተው አብሮት የሚወራው ነው።

«ዋናው ፀሐይ ነው፤ ጠራራ ላይ ካሰጡት ይደርቃል»

ዋናውስ ደረቅ አየር ነው። ከማንጎ ሥጋ ከመቶው 80 እጅ በላይ ውሃ ነው። ይህ ውሃ የሚወጣው አየሩ ሊቀበለው ሲችል ብቻ ነው። በፀሐይ ብቻ ለማድረቅ የቀኑ ሙቀት ቢያንስ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት ደግሞ ከ60 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል። ድሬዳዋና መተሐራ ሙቀቱ ሞልቷል። አዲስ አበባ ግን 30 ዲግሪ የምታየው በስንት ጊዜ አንዴ ነው።

ስለዚህ ደጋ ያላችሁ ከፀሐዩ ይልቅ ለቢላዋው ተጨነቁ። ቁራጩ ከግማሽ ሳንቲሜትር ባይበልጥ፣ ሁሉም እኩል ቢሆን፣ አንዱ ከሌላው ባይደራረብ ጥሩ ነው። ከሥርም አየር ያስፈልገዋል፤ ድፍን ትሪ ላይ የተሰጣ ከታች በኩል ረጥቦ ይቀራል። ሲመሽ ጤዛ እንዳያገኘው ወደ ቤት ይገባል። ሰማዩ ከጠቆረ ኦቨን ውስጥ መጨረስ ነው። ሐምሌ ላይ ደጅ አሰጣለሁ ማለት ግን ትርፉ ድካም ነው።

«እሳቱ ከፍ ካለ ቶሎ ይደርቃል»

ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ላዩ ሲጠነክር የውስጡ ውሃ መውጫ ያጣል። ሲነኩት የደረቀ ይመስላል፤ ከቆይታ በኋላ ይሻግታል። 60 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ብዙ ኦቨን እዚህ ድረስ ስለማይወርድ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ እርጥበቱም በዚያው ይወጣል። ብቻ ቤት ውስጥ ሕፃናት ካሉ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ግማሽ ቀን ያህል ሊፈጅ ይችላል፣ ያውም መብራት ካልሄደ።

«ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አስጥቶ አጎበር ማልበስ ነው»

ሁለቱም አይሆኑም። ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው። ፍራፍሬ አሲድ ስላለው ዚንኩን እያሟሟ ወደ ምግቡ ያስገባዋል። የወባ አጎበር ደግሞ ፀረ ተባይ ኬሚካል የተነከረ ነው። ንጹሕ ሰፌድ ወይም የማይዝግ ብረት ወንፊት ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ለዝንቡ የታጠበ ነጠላ ፍሬውን ሳይነካ ከላይ ወጥሩበት።

«ከደረቀ ጀርሙ ሞቷል»

ማድረቅ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ውሃ ሲያገኝ ይነቃል። ስለዚህ ማንጎውን ከመላጣችሁ በፊት እጠቡት፤ እጃችሁንም እንዲሁ። የሎሚ ጭማቂ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ቁራጮቹን ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ብዙ ሰው ይህን ለቀለም ሲል ያደርገዋል፤ እውነትም መጥቆርን ይከላከላል። እኔ ግን የምወድለት ለሌላው ሥራው ነው፦ ፍሬው በሚደርቅበት ጊዜ አሲዱ ጀርሙን ያዳክመዋል።

ደጅ የደረቀ ፍሬ የነፍሳት እንቁላልም ሊኖርበት ይችላል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ፍሪዘር 48 ሰዓት ይቆይ፤ ወይም ኦቨን ውስጥ በ70 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት።

«የሻገተውን ቆርጬ ልጣልና ቀሪውን ላድርቀው» የሚልም አለ። ሻጋታ የሚተወው መርዝ በማድረቅ አይጠፋም። በኦቾሎኒና በበርበሬ ስሙ የሚነሳው አፍላቶክሲን የዚሁ ዘር ነው። ለማድረቅ የሚሆነው በደንብ የበሰለና ያልተነካ ፍሬ ነው።

«እንደ ቋንጣ ቀጭ እስኪል መድረቅ አለበት»

የለበትም። አንዱን ቁራጭ አቀዝቅዙና እጠፉት። ሳይጣበቅ ከታጠፈ፣ ቆርጣችሁ ስትጨምቁትም ውሃ ካልወጣው ደርቋል። ትኩስ እያለ ማንንም ያታልላል፤ ለስላሳ ይመስላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ቁራጮቹ እኩል አይደርቁም። ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ ሁለት ሦስተኛውን ሙሉና ግጠሙት። ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት፤ እርጥበቱ ለሁሉም ይዳረሳል። መስታወቱ ካላበ መልሳችሁ አድርቁ። ከአንድ ኪሎ የተላጠ ማንጎ 200 ግራም ገደማ ቢወጣችሁ አትደንግጡ፤ የሄደው ውሃ ነው። 15 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ጨለማ ቦታ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ 27 ዲግሪ በሆነ ቤት ግን የዚያን ግማሽ።

«ቫይታሚኑ እንዳለ ነው፤ ስኳርም ስላልገባበት እንደ ልብ ይበላል»

ቫይታሚን ሲ በሙቀትና በብርሃን ብዙው ይጠፋል። አሰሩና ማዕድኑ ይቀራል። የፍሬው ስኳርም የትም አልሄደም። አንድ እፍኝ ደረቅ ማንጎ አንድ ሙሉ ማንጎ ሊሆን ስለሚችል የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቆጥሮ ይብላ።

«ማንኛውም ፍሬ ይደርቃል»

ማንጎ፣ አናናስና የጨንቻ አፕል ግሩም ይሆናሉ። ፓፓያም ይደርቃል፤ ግን ሎሚ ካልነካው ለእኔ ጣዕም የለውም። ሙዝ ቡናማና ማኘክ የሚፈልግ ይሆናል። ሱቅ የሚሸጠው ቀጭ ቀጭ የሚለው በዘይት የተጠበሰ ስለሆነ ከእሱ ጋር አታወዳድሩት። አቮካዶ ግን ቅባት ስለሚበዛበት ደርቆ ሲቀመጥ ይከረፋል፤ እሱን በጁስ ጨርሱት።