ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ

መዋጮ ባለበት ይህ ተረት አይጠፋም። ሰርግ ሲደገስ፣ የሰፈር መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ፣ ጎረቤት ታሞ ሆስፒታል ሲገባ አንዱ ይነሳና "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይላል፤ ሌላው ኪሱን ይዳብሳል። ትርጉሙን ስንጠየቅ ደግሞ "ተባበሩ ማለት ነው" ብለን እናልፈዋለን። ከ"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ጋር አንድ አድርገን ማለት ነው። እኔ ግን አይመስለኝም። ያኛው ስለ ጉልበት ነው፣ አንበሳ ስለማሰር። ይሄኛው ስለ ክፍፍል ነው። ማን ስንት ይያዝ ነው ጥያቄው።

ለምን ሎሚ ሆነ? ሎሚ እኛ ዘንድ ሰላጣ ላይ የሚጨመቅ ነገር ብቻ አይደለም። ጥምቀት ላይ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረው ሎሚ ነው። በእጅ ይያዛል፣ ይሸተታል፣ ያምራል። አንድ ሎሚ የያዘ ሰው የሚያኮራ ነገር ነው የያዘው። ሃምሳውን በነጠላ ቋጥሮ የተሸከመው ግን ትከሻው ይደክማል፣ መዓዛውም ትዝ አይለው፣ መንገድ ላይ ሁለት ሦስቱ ተንከባለው ይጠፉበታል። ሎሚው ያው ሎሚ ነው። እንግዲህ ተረቱ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል፣ ባለቤቱም እንደ ሌሎቹ ሁሉ ሕዝብ ነው።

እዚህ ላይ "ግብር" የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። በአማርኛ ግብር ማለት ለመንግሥት የሚከፈለው ነው፣ ድሮ ንጉሡ ለሕዝብ ያበላው የነበረው ድግስም ግብር ነው። ሄደህ ትከፍላለህ፣ ሄደህ ትበላለህ፣ ቃሉ አንድ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል፤ የሰጠኸው ተመልሶ ማዕድ ላይ መምጣት አለበት የሚል ሐሳብ ቋንቋው ውስጥ ተቀምጧል። በተግባር ግን ለብዙ ዘመን እንዲያ አልነበረም። ገባሩ አርሶ ከምርቱ ይከፍላል፣ አስራት ያወጣል፣ ከመሬቱ ግብር እንዲሰበስብ መብት ለተሰጠው ባለ ጉልት ጉልበቱንም ይሰጣል፣ ማዕዱ ላይ የሚቀመጠው ሌላ ነው። ሃምሳው ሎሚ አንድ ጀርባ ላይ ነበር። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ የወጡትም ይህን ሸክም አይተው ነው።

ዛሬስ? የደሞዝተኛውን ግብር ውሰዱ። ገና እጁ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው፣ መደበቂያ የለውም። ለዓመታት በወር ከ600 ብር በላይ ያገኘ ሁሉ ይከፍል ነበር፤ ኑሮ ስንት እጥፍ ከተወደደ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ሕጉ ተሻሽሎ ከግብር ነፃ የሆነው ደሞዝ 2,000 ብር ደረሰ። ጥሩ ነው፣ ዘግይቶም ቢሆን። ነገር ግን ከፍተኛው ምጣኔ 35 በመቶ ነው፣ የሚጀምረውም ከ14,000 ብር በላይ ባለው ገቢ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መሰላል የለም። የቤት ኪራይ ከፍሎ ወር መድረስ ያቃተው ባለ 16,000 ብር ሠራተኛም፣ በወር ግማሽ ሚሊዮን የሚያገኘው ሥራ አስኪያጅም የመጨረሻዋ ብራቸው ላይ እኩል ይቆረጣሉ። መሰላሉ ወደ ላይ ቢቀጥል ምን ነበረበት?

ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ ይብሳል። 15 በመቶ። የቀን ሠራተኛዋ ሳሙና ስትገዛም፣ ባለ ሕንፃው ሳሙና ሲገዛም ያው ነው። "እኩል ከፈሉ" ይባላል፤ ለእሱ ግን አልተሰማውም፣ ለእሷ ከልጇ ዳቦ ነው የጎደለው። ተረቱ "ሃምሳ ሰው" ሲል ሁሉም መያዝ የሚችል እጅ አለው ብሎ ነው። ሕፃን የታቀፈች እናት አንድ ሎሚም ይከብዳታል። ስለዚህ እኔ ግብር እንደ አቅም ይሁን የምለው ባለሀብት ስለምጠላ አይደለም፣ ተረቱ ጌጥ እንዲሆን ስለምፈልግ ነው።

ሲሠራ ደግሞ ያምራል። የማኅበረሰብ ጤና መድንን አስቡት፤ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የተስፋፋው። አባወራው በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታከማል፣ የድሃ ድሃ የሆነውን መዋጮ መንግሥት ይሸፍንለታል። ለገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ድሮ አንድ ቀዶ ጥገና ማለት በሬ መሸጥ ነበር፣ በሬ ከተሸጠ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት በምን ይታረሳል?

ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራምም እንዲሁ። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር በየዓመቱ እህል የሚያልቅበት ቤተሰብ እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ እህል ወይም ብር እንዲያገኝ ተደረገ፤ መሥራት የማይችሉት አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች ሳይሠሩ ይሰጣቸዋል። ይህችኛዋን ሕግ ነው የምወዳት። ማንም "ለምን እኩል አልሠሩም" አላላቸውም። ቅር የሚለኝ ገንዘቡ በብዛት ከውጭ ለጋሾች መምጣቱ ነው። ለጋሽ ፊቱን ሲያዞር ሎሚው መሬት ላይ ይቀራል። አገራችን የምትሰበስበው ግብር ከጠቅላላ ምርቷ 10 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ደሞዝተኛው እንዲህ እየተጨመቀም ቢሆን ማለት ነው፣ ስለዚህ ያልያዙ ትልልቅ እጆች አሉ።

ገጠር ያለችው አክስቴ የመድኑ አባል ናት። አምና ለግፊት ሄዳ ዶክተሩ በደንብ አያት፣ መድኃኒት ጻፈላት፣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ "አልቋል፣ ውጪ ግዢ" አሏት። መዋጮዋን ከፍላ፣ ደግሞ ከኪሷ ገዛች። በጣም ነው የተናደድኩት፣ "ለምን ትከፍያለሽ ታዲያ?" አልኳት በስልክ። እሷ ግን ዘንድሮም የመድን ደብተሯን ይዛ ሄዳ አሳደሰች። ከጎኗ ያሉት ባልቴት ባለፈው ክረምት ወድቀው እግራቸው ሲሰበር በዚሁ ደብተር ነው የታከሙት። "እኔ ብተወው የእሳቸው በማን ይከፈላል ልጄ?" አለችኝ፤ መድኃኒቱን ግን ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስታ እንደምትጠይቅ ነግራኛለች።