አንድ ኪሎ ጥብስ ያስከፈሉኝ ግምቶች፦ ከሪንግ ርቆ ስለተመለሰ ሻምፒዮን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አንድ ኪሎ ጥብስ ተበላሁ። የቀድሞው የቦክስ ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ማይክ ታይሰን ቴክሳስ ላይ ከዩቲዩብ ወደ ቦክስ ከመጣው ወጣት ከጄክ ፖል ጋር ሲጋጠም እኔ በታይሰን፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «በዚያኛው ልጅ» ተወራርደን ነበር። ሽማግሌው ቦክስ አይከታተሉም፤ ዕድሜያቸውን ባሶና ወራና ሲያርሱ ኖረው አሁን ልጆቻቸው ዘንድ የገቡ ሰው ናቸው። ከመወራረዳችን በፊት ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ዕድሜው ስንት ነው?» 58 አልኳቸው። «የምር የተደባደበውስ መቼ ነው?» በይፋ ከሆነ የዛሬ 19 ዓመት። ቀና ብለው አዩኝና ሻያቸውን ጠጡ።

እኔ ደግሞ ታይሰን አሰልጣኝ የሚይዘውን የልምምድ መምቻ (ፓድ) ሲመታ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ስልኬ ላይ ደጋግሜ አይቼ፣ ልቤ ሞልቶ ነበር። ፍልሚያው እያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ የሆነ ስምንት ዙር ሄደ። ቡጢ ቆጣሪዎቹ እንደመዘገቡት ታይሰን 97 ሰንዝሮ ያረፈለት 18 ብቻ ነው። ሦስቱም ዳኞች ለፖል ሰጡ። ጥብሱን ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ ሻምፒዮን «ሊመለስ ነው» በተባለ ቁጥር የሚነሱትን ክርክሮች ልብ ብዬ ስሰማ፣ እኔን ያሳቱኝ ሐሳቦች ብዙ ሰው እንደሚያስቱ አየሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«ይሄን ያህል ዓመት የቆየ አይመለስም»

በዓመት ብዛት ብቻ የሚተነብይ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ላሪ ሆልምስ በ1986 ጓንቱን ሰቅሎ በጥር 1988 ከታይሰን ጋር ሲገባ ከሪንግ የራቀው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። በአራተኛው ዙር ተዘረረ። ጆርጅ ፎርማን ግን በ1977 በጂሚ ያንግ ተሸንፎ ከወጣ በኋላ አሥር ዓመት ሰባኪ ሆኖ ቆይቶ ተመልሶ፣ በ45 ዓመቱ የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዚህ ሚዛን በዚያ ዕድሜ ቀበቶ ያነሳ ሰው አልነበረም።

ሰው የሚረሳው በመካከል ያለውን ነው። ፎርማን የተመለሰው በመጋቢት 1987፣ 121 ኪሎ ገደማ ሆኖ ነው። ማይክል ሙረርን አሸንፎ ቀበቶውን የወሰደው በኅዳር 1994 ነው። በመሃሉ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ። በመጀመሪያ 24 ፍልሚያ በተከታታይ አሸነፈ፤ ብዙዎቹ ስማቸውን ማንም የማያስታውሳቸው ሰዎች ነበሩ፤ ጋዜጠኞችም ሳቁበት። ከዚያ በ1991 ከኢቫንደር ሆሊፊልድ ጋር 12 ዙር ቆሞ በነጥብ ተሸነፈ። በ1993ም በቶሚ ሞሪሰን ተሸነፈ። ስለዚህ «ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ሻምፒዮን ሆነ» ሲባል አሥሩን ዓመት ብቻ ቆጥሮ ሰባቱን የሥራ ዓመት መዝለል ልክ አይመጣም።

«ሰውነቱን አይተኸዋል? ልክ እንደ ድሮው ሆኗል»

እኔን ያስበላኝ ይሄ ነው። ጥብሱን እየበላን ሳለ ሽማግሌው ስለ በሬ አጫወቱኝ። ቀንበር ሳይነካው ግጦሽ ላይ የከረመ በሬ ያምራል፤ ጠጉሩ ያንጸባርቃል፤ ሻኛው ይቆማል። ገበያ ብታወጣው ዋጋ ያወጣል። ጠምደህ ስታስገባው ግን ከጥቂት ትልም በኋላ ምላሱን ያወጣል፤ ጫንቃው ይላጣል፤ ጭራሽ ትልሙ መሃል ይተኛብሃል። «መልኩ ለገበያ ነው» አሉኝ፤ ከዚያ ቃሪያ ጨመሩ።

መሐመድ አሊ በጥቅምት 1980 ከላሪ ሆልምስ ጋር ሊጋጠም ሚዛን ላይ ሲወጣ የሆነው ይሄው ነው። ሁለት ዓመት ከሪንግ ርቆ፣ ወፍሮ የነበረው ሰው ወደ 98 ኪሎ ወርዶ መጣ፤ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ፎርማንን ሲያሸንፍ ከነበረው ክብደት ጋር የሚቀራረብ ነው። ሽበቱን ቀለም ተቀብቷል። ያየው ሁሉ «አሊ ተመለሰ» አለ። ዙሮቹ ሲጀመሩ ግን እጁ አይወጣም፣ እግሩ አይንቀሳቀስም። ሆልምስ አንድ ቀን የአሊ የልምምድ አጋር የነበረ ሰው ነው፤ እየመታው ዳኛውን አስቁመው እያለ ይማጸን ነበር። ከአሥረኛው ዙር በኋላ አሰልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ ፍልሚያውን አስቆመ። በኋላ እንደታወቀው አሊ የታይሮይድ መድኃኒት ይወስድ ነበር፤ ኪሎውን ያወረደው መድኃኒት ጉልበቱንም ይዞበት ሄዷል።

በሌላ በኩል ሙረርን የዘረረውን ፎርማን ፎቶ ተመልከቱ። ሆዱ ከቁምጣው በላይ ወጥቷል።

«የመጀመሪያውን በ89 ሰከንድ ጨረሰው፤ በቃ ተመልሷል»

ታይሰን በመጋቢት 1995 ከእስር ቤት ወጥቶ በነሐሴ ፒተር ማክኒሊን ገጠመ። 89 ሰከንድ! የማክኒሊ ማኔጀር ራሱ ሪንግ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ነው ያስቆመው። ቀጥሎ ባስተር ማቲስ ልጁ በሦስተኛው ዙር ወደቀ፣ ፍራንክ ብሩኖም በሦስተኛው፣ ብሩስ ሴልደን በመጀመሪያው። ሁለት ቀበቶ ተሰበሰበ። ዓለም በሙሉ «የድሮው ታይሰን ነው» አለ።

አሁን እስቲ ደቂቃውን ደምሩት። አራቱም ፍልሚያ አንድ ላይ 20 ደቂቃ አይሞላም። ከአንድ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ሰውየው በእውነተኛ ሪንግ የቆየው አንድ ጥሩ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ነው። ደክሞት ምን እንደሚያደርግ፣ ተመትቶ ምን እንደሚያደርግ፣ ሰባተኛው ዙር ላይ ጭንቅላቱ እንዴት እንደሚያስብ እሱም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ። በኅዳር 1996 ሆሊፊልድ መጣ። ያን ጊዜ ሆሊፊልድ እንዳበቃለት ሰው ነበር የሚታየው፤ ከዓመት በፊት በሪዲክ ቦው ተዘርሯል። ወደ ኋላ አልል ብሎ፣ ታይሰንን እየገፋ፣ በ11ኛው ዙር አስቆመው።

እንግሊዛዊው ታይሰን ፉሪ ደግሞ በ2015 ቭላድሚር ክሊችኮን አሸንፎ ሁለት ዓመት ተኩል ጠፋ፤ አልኮሉም፣ ድብርቱም፣ ውፍረቱም ተደማምሮ። በ2018 ሲመለስ የገጠመው ሴፈር ሰፈሪ ከእሱ በብዙ የሚያንስ ሰው ነበር፤ አራት ዙር ሄዶ ቀረ፤ ተመልካቹ ጮኸበት። ሁለተኛው ግን፣ ፍራንቼስኮ ፒያኔታ፣ አሥር ዙር ሙሉ አስሠራው። አሰልቺ ነበር። ትንቢት ለሚናገር ሰው ግን ከ89 ሰከንዱ ይልቅ ይሄ አሰልቺ ምሽት ነው ቁም ነገር የነበረው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከዲዮንቴይ ዋይልደር ጋር ገብቶ በ12ኛው ዙር እንደ ሬሳ ተዘርግቶ ተነሳ፤ አቻ ወጡ። የቆመ ማረሻ ዝገቱ የሚለቀው አፈር ውስጥ ነው፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይደለም።

«ያለ ማሟሟቂያ በቀጥታ ለቀበቶ ከገባ አለቀለት»

አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ቪታሊ ክሊችኮ ግን በ2004 መጨረሻ ተጋጥሞ በጉልበትና በጀርባ ጉዳት ሳቢያ አቆመና፣ በጥቅምት 2008 አንድም ማሟሟቂያ ሳያደርግ በርሊን ላይ ከሻምፒዮኑ ከሳሙኤል ፒተር ጋር ገባ። ፒተር ከስምንተኛው ዙር በኋላ ከወንበሩ አልተነሳም። ቪታሊ ሁለት ሜትር የሚሆን ሰው ነው፤ ከሩቅ በጃብ፣ ማለትም በፊት እጁ ቀጥ ባለ ቡጢ፣ ይሠራል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለት ሽንፈቶቹም በትከሻ ጉዳትና በቅንድቡ መቀደድ የተነሳ እንጂ ተደብድቦ አልነበረም። ዕረፍቱ አካሉን ጠገነለት። የደረሰበት ድብደባ ላጎበጠው ሰው ዕረፍት እንዲህ አይሠራም።

«የድሮው ሰውዬ ይመለሳል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በጥሩ ሁኔታ ተመለሱ የሚባሉትን ሳያቸው አንዳቸውም የድሮውን ሰው ሆነው አልተመለሱም።

አሊ በ1967 ለውትድርና አልዘምትም ብሎ ቀበቶውን ሲነጠቅ እግሩ ነበር ጋሻው። ይጨፍር ነበር፤ ቡጢ አይደርስበትም። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በጥቅምት 1970፣ አትላንታ ላይ ጄሪ ኳሪን በሦስት ዙር ጨረሰ። በታኅሣሥ ኦስካር ቦናቬናን ለማስቆም 15ኛው ዙር ድረስ ሄደ። በመጋቢት 1971 ከጆ ፍሬዘር ጋር ገብቶ በ15ኛው ዙር ከጎን ዞሮ በመጣ የግራ ቡጢ (ሁክ) ወደቀና በነጥብ ተሸነፈ። እግሩ የድሮው አልነበረም፤ አሁን መመታት ጀመረ። ሲመቱት ግን መቻል እንደሚችል አወቀ። ያን ዕውቀት ይዞ ነው ኪንሻሳ የሄደው።

በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ንጉሡን ካወረደ ሁለት ወር አልሞላውም፣ እዚህ አገር ሰው ስለ ሌላ ነገር ነበር የሚያወራው። ኪንሻሳ ላይ ገና ሳይነጋ አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ ፎርማንን «ምታኝ» አለው። ፎርማን መታ፣ መታ፣ ጨረሰ። በስምንተኛው ዙር አሊ ዘረረው። በ1966 እ.ኤ.አ. የነበረው አሊ እንዲህ ለማድረግ አያስብም ነበር፤ አያስፈልገውምም።

ፎርማን ራሱስ? በወጣትነቱ ገና ከጅምሩ ያለውን ሁሉ የሚያወርድ ሰው ነበር። ሲመለስ ቀስ ብሎ፣ ጃብ እያስቀደመ፣ በዙር መካከል እንኳ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ የሚያርፍ ሰው ሆነ። ሙረርን በገጠመ ጊዜ እስከ አሥረኛው ዙር ድረስ ሦስቱም ዳኞች ጋ ተሸናፊ ነበር። አንድ ቀኝ እጅ እስኪገኝ ጠበቀ። ኪንሻሳ ላይ ለብሶት በነበረው ቀይ ቁምጣ።

«ጡጫ አይጠፋም» የሚባለውም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጡጫው አልጠፋም፤ ግን እሱን የምታሳርፍበት ቦታ ላይ የሚያደርስህ እግርና ዓይን ነው፣ እነሱ ደግሞ ይጠፋሉ። ፎርማን ያንን አውቆ መጠበቅን ተማረ።

«ደጋ ላይ የሮጠ ትንፋሹ አያልቅም»

ይሄ የእኛ አገር ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ በብርዱ የሚሮጡ ልጆች አሉን፤ ስለዚህ «ተራራ ላይ ካምፕ ገብቷል» ሲባል እንማረካለን። ሩጫ ይጠቅማል። ግን በወጣትነቴ ቦክስ ሞካክሬ፣ ዓመት ያህል አቁሜ፣ በየማለዳው ግን እየሮጥኩ ቆይቼ አንድ ቀን ጓንት አጥልቄ ገባሁ። ሁለት ሁለት ደቂቃ ሦስት ዙር። በሁለተኛው ዙር ጓንቱ ሙሉ ጀሪካን መሰለኝ። ቡጢው ሲመጣ አየዋለሁ፤ ጭንቅላቴን ላዘነብል ስል አርፏል። ሰው ሲመታህ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ ሰው ሲደገፍብህ እሱንም ትሸከማለህ፤ መንገድ ላይ ማንም አይደገፍብህም። ከባድ ሚዛን ላይ የሚደገፍብህ ደግሞ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው።

«ኦዱ ትንሽ ከሆነ አሸናፊው እሱ ነው»

ኦድ፣ ማለትም አወራራጆች ለአሸናፊ የሚከፍሉት መጠን፣ ገንዘብ ወዴት እንደሄደ ነው የሚያሳየው፤ ገንዘብ ደግሞ ወደ ስም ይሄዳል። የታይሰንና የሆሊፊልድ ውርርድ ሲከፈት ሆሊፊልድ 25 ለ 1 ነበር፤ በእሱ አንድ ብር ላስያዘ 25 ብር ማለት ነው።

«ዕዳ ያለበት ጠንክሮ ይዋጋል»

ጆ ሉዊስ ከ1937 ጀምሮ ቀበቶውን 25 ጊዜ ተከላክሎ በ1949 በክብር ወጣ። የመንግሥት ግብር ዕዳ መለሰው። በመስከረም 1950 ኤዛርድ ቻርልስ 15 ዙር ሙሉ በነጥብ አሸነፈው፤ በቀጣዩ ዓመት ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር በገመዱ መሃል አወጣው። ዕዳ ሰውን ሪንግ ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይሠራለትም።

በ2025 ጥር ላይ ፉሪ፣ በ2024 ሁለቴ በዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ በነጥብ ተሸንፎ፣ «አቆምኩ» ያለ ጊዜ ሻይ ቤቱ እንደገና ተጋጋለ። አንዱ ልጅ ይመለሳል፣ ሲመለስም ሁሉንም ይዘርራል እያለ ስልኩን ይዞ ዞረ። ሽማግሌው ጋ ሲደርስ ቪዲዮውን አሳያቸው።

«ከማን ጋር ነው የሚጋጠመው?» አሉት።

«ገና አልታወቀም፣ ጋሼ።»

ስልኩን መለሱለትና ወደ እኔ ዞረው፣ ዛሬስ አልወራረድም ወይ ብለው ጠየቁኝ።