የመንግሥት የቤተሰብ ድጋፍ ምንድን ነው?

የቤተሰብ ድጋፍ በተነሳ ቁጥር «የወለደ ያሳድግ እንጂ መንግሥት ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። ሰሞኑን ግን ይህንኑ ያነበብኩት ለሕፃናት እቆረቆራለሁ ከሚል ሰው ነው። ይሄ በጣም ያበሳጨኛል።

ድጋፍ ማለት የወላጅን ቦታ መውሰድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን (የአገሮች ስምምነት) በአንቀጽ 18 ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ልጅን የማሳደግ ቀዳሚ ኃላፊነት የወላጅ ነው፤ መንግሥት ደግሞ ወላጅ ይህን እንዲወጣ ተገቢውን እገዛ ያደርጋል። ሁለቱም እዚያው አንቀጽ ውስጥ ናቸው። ያ ለሕፃናት እቆረቆራለሁ ባይ የመጀመሪያውን አንብቦ ሁለተኛውን ዘለለው።

መንገድን አስቡ። መኪናውን የሚነዳውም፣ የት እንደሚሄድ የሚወስነውም ሾፌሩ ነው። አስፋልቱን ግን ብቻውን አያነጥፍም፤ በአስፋልት ስለሄደም ጥገኛ የሚለው የለም። የወሊድ ፈቃድ፣ የሕፃናት ማቆያና የልጆች አበልም (ልጅ ላለው ቤተሰብ የሚከፈለው ገንዘብ) እንደዚያው ናቸው። ድጋፉም እንደ መንገዱ ለሁሉም መሆን አለበት፤ መንገዱ የድሃ ብቻ ነው ከተባለ ጉድጓዱን የሚደፍንለት አያገኝም።

ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ለወላድ እናቶች የሕፃን ልብስ የያዘ ካርቶን ትሰጣለች። መጀመሪያ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑት ብቻ ነበር፤ በ1949 ለሁሉም ሆነ። እናትየዋ ግን የእርግዝናዋ አራተኛ ወር ሳያልቅ ለምርመራ መሄድ አለባት። ካርቶኑ ፍራሽ ስላለው የሕፃኑ የመጀመሪያ አልጋ መሆን ይችላል። አጥቦ፣ አልብሶ፣ እሹሩሩ ብሎ የሚያስተኛው ያው ወላጁ ነው። በነገራችን ላይ፣ በፊንላንድ የሕፃናትን ሞት የቀነሰው ካርቶኑ ብቻ ነው የሚላችሁን አትመኑ። ከጀርባው ምርመራው፣ ነርሷና ጤና ጣቢያው አሉ።

ለቤተሰብ ድጋፍ የምንሟገተውም ጥፋት አለብን። ሰው ለማሳመን ቶሎ የምንሮጠው ወደ አንዲት ምስኪን እናት ታሪክ ነው። ተመራማሪው ሻንቶ አዬንጋር በአሜሪካ የቴሌቪዥን ዜና ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትሟል። ስለ ድህነት የአንድን ሰው ታሪክ ብቻ ያዩ ተመልካቾች ጥፋቱን ወደዚያው ሰው ያዞሩ ነበር። ሰፋ ያለውን ሁኔታ ያዩት ግን ወደ ኅብረተሰቡና ወደ መንግሥት ይመለከቱ ነበር። ታሪክ አትንገሩ ማለቴ አይደለም። እናትየዋን ስታሳዩ የተዘጋባትንም በር አሳዩ።

«እናቶችን እንርዳ» ብቻ ብሎ ማቆምም አይበቃም። የዓለም ሥራ ድርጅት ኮንቬንሽን ቁጥር 183 ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ ይላል። ስንት ሳምንት፣ በማን ክፍያ፣ ስትመለስ ሥራዋ ይጠብቃታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ የክፍያው ነገር! ሙሉ ወጪው በቀጣሪው ላይ ከወደቀ ሴት መቅጠር የሚፈራ ይበዛል። ስለዚህ በማኅበራዊ መድን ወይም በመንግሥት በጀት ቢሸፈን ይመረጣል።

በደል የደረሰበትን ልጅ ከቤት ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ የራሱ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ባለሙያ አለው። ስለ ወሊድ ፈቃድ በሚደረግ ውይይት መሃል እሱን ማንሳት ወላጆችን ማስበርገግ ነው።